ቀዶና ጥገና

ሚኒባሱ በር ላይ ቆሞ ጡሩምባውን ያንባርቃል፤ ምትኩ ግን ጫማውን እንኳ አላጠለቀም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ ስልኩን ዓይኑ ሥር ደቅኖ መርከብ ያያል።

ደብሪቱ ሻንጣውን አንጠልጥላ ቆማለች። ባሏን ጅማ ወስዳ የልብ ቀዶ ጥገና ልታስደርግለት ስታባብለው ዓመት አልፏታል። ሐኪሙ «ከዚህ በኋላ ልቡ አይጠብቀንም» ብሏታል። ዛሬ ከመቱ ካልተነሱ ቀጠሮው ያልፋል።

«ተመልከቺ» አላት ስልኩን እያቀበላት። «እሷ ናት። ቆራርጠው ጨረሷት።»

ማን እንደሆነች መጠየቅ አላስፈለጋትም። ምትኩ በወጣትነቱ፣ የባሕር ኃይል ባልደረባ ሳለ ሩሲያ ለትምህርት ሄዶ፣ በኑክሌር ኃይል የምትነዳ፣ ክሩዘር የሚሏትን ግዙፍ የጦር መርከብ ላይ ወጥቶ ጎብኝቷል። ያ የአንድ ቀን ጉብኝት፣ ባሕር በሌለበት ኢሉባቦር ስንትና ስንት ዓመት ሲወራ ኖሯል። ከመቱ እስከ ጎሬ ያልሰማው ሰው የለም።

«ደህና ስትሄድ የነበረችውን ለጥገና ብለው ወደብ አስገቧት» አለ። «ቀዶውን ይኸው አየሁት፣ ደብሪቱ። ጥገናው የታለ?»

ለካ ፈርቶ ነው! ዓመት ሙሉ «ቡናው ይለቀም»፣ «ዝናቡ ያባራ» እያለ የከረመው ለዚህ ነው። አንጀቷን በላው፤ ተናደደችም።

«እኔን አታሞኘኝ! ታሪኳን ካንተ እኩል አውቀዋለሁ። መች ጠገኗት? ሞተሯ ይታደሳል፣ አዲስ መሣሪያ ይገጠምላታል ብለው፣ ዘንድሮ አልተመቸንም፣ ከርሞ፣ ከርሞ እያሉ አስረው ዝገት አስበሏት አላልከኝም? ከርሞ ነው የገደላት!»

ምትኩ ስልኩን መልሶ ተቀበላት። አምና ለሐኪሙ «ከርሞ እንመጣለን» ያለው እሱ ራሱ ነበር።

«ጋሼ ምትኩ፣ ዳፋ! ኧረ ፍጠኑ፣ ሰው ጭኛለሁ እኮ!» ብሎ ሾፌሩ ጅራታ ኦሮምኛውን ቀላቅሎ ከውጭ ጮኸ።

ምትኩ ስልኩን ኪሱ ከተተና እግሮቹን ዘረጋላት። ጎንበስ ማለት ትንፋሹን መቁረጥ ከጀመረ ቆይቷል። ደብሪቱ ሻንጣውን አስቀምጣ ተንበረከከችና ጫማውን አጠለቀችለት፤ ክሩንም ማሰር ጀመረች።

«መርከብ ሲነሣ ገመድ ይፈታል እንጂ አይታሰርም» አላት፣ ለመሣቅ እየሞከረ።

«ዝም በል» አለችው። የቋጠረችው ክር ግን ደጋግሞ ይፈታባት ነበር።