የሞገዱ መውጫ

የከተማችንን መብራት የሚሰጠው ጨረር ከመሬት በታች የሚሮጥባቸውን የመዳብ ክፍሎች አሥራ ዘጠኝ ዓመት የወለወልኩት እኔ ነኝ። ጨረሩ ጭፍራ ጭፍራ ሆነው የሚሮጡ ቅንጣቶች ነው፤ ፊት ያለፈው ጭፍራ መዳቡ ውስጥ ሞገድ ጥሎ እንደሚሄድ፣ ሞገዱም ከኋላ የሚመጣውን ጭፍራ ገፍቶ ከግድግዳ እንደሚያላትመው ከቃጠሎው ጠባሳ ያወቅሁት እኔ ነኝ።

«ለሞገዱ መውጫ ቧንቧ አብጁለት» ብዬ ለመሐንዲሶቹ ብነግራቸው፣ ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጠ ሰው ምን ያውቃል ብለው ሳቁብኝ። በዓመቱ ኢንጂነር ናሁሰናይ ቧንቧውን በራሱ ስም አስገጥሞ ተሸለመበት። ሲቀጠር እጁን ይዤ ሥራውን ያሳየሁት ልጅ ነው።

የቧንቧውን አፍ ያወጡት በእኛ ሰፈር ነው። ከዚያ ወዲህ የሚወጣው ሞገድ እየረበሸው የባለቤቴ የይመናሹ የጆሮ መስሚያ ከጩኸት በቀር አላሰማ ስላላት፣ አውልቃ ስኳር ዕቃው ውስጥ አስቀመጠችው። አሁን የምንግባባው በእጅ ነው።

ትናንት ናሁሰናይ ወረቀት ይዞ ቤቴ መጣ።

«ጋሽ ዘርጋው፣ ደስ ይበልዎት። ስምዎ ገባ።»

ወረቀቱ ሰፈሩ በቧንቧው ላይ ላቀረበው አቤቱታ የተጻፈ መልስ ነበር። «የመውጫውን ሐሳብ ያመነጩትና ኃላፊነቱ የሚመለከታቸው፣ የጽዳት ሠራተኛው አቶ ዘርጋው ብሩ» ይላል።

«ሽልማቱ ላይ የት ነበርኩ?» አልኩት።

«ያለፈውን እንተወው ጋሼ። እዚህች ጋ ብቻ ይፈርሙልኝ።»

ይመናሹ ወረቀቱን ከእጄ ወሰደች። ማንበብ የምትችለው ስሜን ብቻ ነው። በጣቷ ፈልጋ አገኘችው።

«አንድ ቀን ያስታውሱሃል አላልኩህም?» አለች። ድምጿን ስለማትሰማው ጎረቤት ሁሉ ሰማ። ከዚያ የናሁሰናይን ግንባር ልትስም ተንጠራራች።

እሱም እስክሪብቶውን ወደ እኔ እንደዘረጋ ጎንበስ ብሎ ተሳመላት።