ኤርሊንዳ ያለችው

በሽተኛ በቃሬዛ ተሸክመው አርባ ዓመት ደጇን ሲያንኳኩ የኖሩ ሰዎች ልጆች ዛሬ አፖሎንያን እንደ ቂጣ ሻጭ አጥር ሥር አስቁመዋታል። ፈረንጆች ለእንጉዳይ ሕክምና ባሠሩት የማረፊያ ቤት በር ላይ ፀሐዩ እስኪከርር ቆማለች። አንድም «ግቢ» ያላት የለም።

በመጨረሻ የእህቷ ልጅ ሩቲሊዮ ይመጣል። ዋሃካ ከተማ ተምሮ የተመለሰ፣ የእንግዶቹ አስተርጓሚ ነው። አንገቱ ላይ ስሙ የተጻፈበት ካርድ አንጠልጥሏል።

«አክስቴ፣ ያልተመዘገበ ሰው አይገባም።»

«አንተን ከእናትህ ሆድ ጎትቼ ሳወጣህ ተመዝግቤ ነበር?»

አቀርቅሮ በሩን ይከፍትላታል። ሃያ የሚሆኑ ፈረንጆች ዓይናቸውን ጨፍነው እንደተሰጣ ቡና ሣሩ ላይ ተደርድረዋል።

«ምን እየሠሩ ነው?»

«ትንፋሻቸውን እየጠበቁ።»

«ምነው፣ ሌባ አለ?»

ልጇ ኤርሊንዳ ዛፍ ጥላ ሥር ብርድ ልብስ ተደርቦላት ተቀምጣለች። ሕፃን ልጇን ከቀበረች ስምንት ወሯ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ከአፏ ቃል አልወጣም። ትናንት ጠዋት ብድግ ብላ እዚህ መጣች፤ ወረቀት ላይ አውራ ጣቷን አተመች፤ ራእይ የሚያሳየውን እንጉዳይም ከእነሱ እጅ በላች። እናቷ አፖሎንያ በዚሁ እንጉዳይ የሦስት መንደር ሰው ስታክም የኖረች ሴት ናት።

አፖሎንያ አጎንብሳ አገጯን ቀና ታደርጋለች። «ልጄ።» ኤርሊንዳ ግድግዳ እንደሚያይ ሰው ታያታለች።

የፈረንጆቹ ዶክተር ፈገግ ብላ ትመጣለች። ሩቲሊዮ ይተረጉማል። «ትናንት ግማሽ ቀን ስትናገርና ስታለቅስ ዋለች ትላለች። ውስጧ የነበረውን አውጥታዋለች፤ በጣም ጥሩ ነው ትላለች።»

አፖሎንያ ወደ ኤርሊንዳ ትዞራለች። ልጇ ተናግራለች።

«ያወጣችውን ማን ተቀበላት?»

«ዶክተሯ እጇን ይዛት ነበር።»

«የኛን ቋንቋ ትሰማለች?»

«አትሰማም። ኤርሊንዳንም ዓይኗን በጨርቅ ሸፍነው ጆሮዋ ላይ ሙዚቃ አድርገውላት ነበር።»

በአፖሎንያ ቤት እንጉዳይ የበላ ሰው ለባዶ አየር አይናገርም። አጠገቡ የተቀመጠው እያንዳንዱን ቃል እየደገመ ይቀበለዋል። ያልተቀበሉት ቃል ተመልሶ ሆድ ይገባል፤ ሲመለስም ከብዶ ነው። እነዚህ በሚዛን እየመዘኑ የሚያበሉ ሰዎች ይህን አያውቁም።

«አንተስ የት ነበርክ?»

«በሩ ጋ።»

«እንግዲያው ሰምተሃል።»

«እዚያ የተባለ ነገር አይወራም፤ ፈርሜያለሁ።» ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። «ደግሞ ይቅርብዎ፣ አክስቴ። ባይሰሙት ይሻላል።»

አፖሎንያ ምን እንደሆነ ታውቃለች። የዛሬ ስምንት ወር ሕፃኑ በትኩሳት ሲነድ ኤርሊንዳ አዝላው ወደ ጤና ጣቢያ ልትወርድ ተነሥታ ነበር። በሩን ዘግታ የከለከለቻት አፖሎንያ ናት፤ እንጉዳዩን በልታ፣ «ይድናል ተብያለሁ፣ የትም አትሄጂም» ብላ። በሦስተኛው ቀን ልጁ እናቱ እቅፍ ውስጥ ቀዘቀዘ። መንደሩ «የሰጠ ነሣ» አለ። አፖሎንያም አብራ አለች፤ ስምንት ወር ሙሉ አለች።

ዶክተሯ የአፖሎንያን እንባ አይታ አንድ ነገር ትጠይቃለች።

«የደስታ እንባ ነው ወይ ትላለች» ይላል ሩቲሊዮ።

«ዘወር በይልኝ በላት።»

ከዚያ ክንዱን ትይዘዋለች። ጥፍሯ ሸሚዙን አልፎ ሥጋው ላይ ይደርሳል።

«ስሜን ጠርታለች?»

ሩቲሊዮ መሬት መሬት ያያል።

«በል ተቀመጥ፣ እዚህ፣ እሷ ፊት። ከመጀመሪያው ጀምረህ እሷ እንዳለችው ንገረኝ። እኔ እየደገምኩ እቀበላለሁ። እርግማኗ ላይ ስትደርስ ደግሞ እንዳታለዝብልኝ።»