ቀዩ አውራ ጣት

የነፍስ አድን ጀልባዋ ስድስት መርከበኞችን ይዛ ወደ ዳር ስትመለስ ሎቪኒያ ሁለት ጊዜ ቆጠረቻቸው። ሰባተኛው፣ ባሏ ኢኖስ፣ የለም። ጨው ጭና ከደቡብ የመጣችው ባለሸራ የንግድ መርከብ ሉነንበርግ ወደብ ልትገባ ጥቂት ሲቀራት ዐለት ላይ ወጥታ ተሰንጥቃለች፤ ምሰሶዋም ገመዷም በረዶ ለብሶ ነጭ ሆኗል።

"መርከቧ ላይ የቀረ ሰው አላየንም፣ እህቴ" አላት የጀልባዋ አለቃ፣ ዓይኑን እያሸሸ።

"ነግሬሽ ነበር!" ብለው ጮኹ አማቷ፣ የኢኖስ እናት፣ ከኋላዋ። "መርከበኛ ከነጭና ከግራጫ ሌላ ጓንት አያጠልቅም፣ ቀለም ማዕበል ይጠራል አላልኩሽም?"

ሎቪኒያ በመከር ግራጫው ክር አልቆባት የባሏን የቀኝ ጓንት አውራ ጣት በቀይ ክር ነበር የጨረሰችው። መርከቧን ላለማየት ብትፈልግም ዓይኗ እምቢ አላት። ከምሰሶው ጫፍ ዝቅ ብሎ፣ በዚያ ሁሉ ነጭ መሀል፣ የወፍ ምንቃር የምታክል ቀይ ነገር ተንቀሳቀሰች።

"ጣቱ! ያውላችሁ ጣቱ!"

ቀዛፊዎቹ ልብሳቸውን እንኳ ሳይጨምቁ ጀልባዋን መልሰው ገፏት።

ኢኖስን ጢሙ በበረዶ እንደተጋገረ በሕይወት አምጥተው አሸዋው ላይ ሲያስቀምጡት አማትየው ቀኝ እጁን ለቀም አደረጉት። ቀዩን ጣት አገላብጠው አዩት፤ ሳሙት። ከዚያ እንባቸው እየወረደ ሎቪኒያ ላይ አፈጠጡባት።

"አንቺ ሰነፍ! ሌላውን ምን ሆነሽ ነው በግራጫ የሠራሽው?"