ከመሐላው ማግስት

ካናዳ፣ ካልጋሪ ገብቶ ጥገኝነት ሲጠይቅ፣ የሚያዝንለት ቢያገኝ ብሎ እናቱን በአፉ ገደላቸው። «እስር ቤት ሞቱብኝ» አለ። ያስተረጎሙለት አቶ ወልደጻድቅ የዕድር ዳኛ ናቸውና አላስችል ብሏቸው ሰው ጠሩ። ሦስት ቀን ሙሉ ደረት ተደቃ፤ እሱም አብሮ አቀረቀረ። እናቱ ግን ደብረ ታቦር በደኅና ነበሩ፤ በየሳምንቱ እየደወሉ ይመርቁታል።

ዓመታት አለፉ። ትናንት ምሎ ዜግነቱን ሲቀበል የዕድሩ ሴቶች እልል አሉለት። አንዷ፣ «ምነው እናትህ ይህን ባዩ!» ስትለው አንገቱን ደፋ። ለእናቱ ቢደውል ስልኩ አይነሣም።

ዛሬ ጎሕ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። የዕድሩን ሽማግሌዎች ሲያይ «እንኳን ደስ ያለህ» ሊሉት የመጡ መስሎት፣ «ኧረ ግቡ አባቶቼ፣ ሻይ ልጣድ» አለ። ለካ ሁሉም ነጠላቸውን ዘቅዝቀዋል።

«እኅትህ ሰኞ ደውላልኝ ነበር» አሉ አቶ ወልደጻድቅ። «መሐላህን እስክትፈጽም ብለን ያዝነው። እናትህ ዐረፉ።»

ቀና ብሎ ሊያያቸው አልቻለም። ሽማግሌው ትከሻውን ያዙት።

«በል አልቅስ ልጄ። ያን ጊዜ ያለቀስነው እኛ ነን፤ የዛሬው ያንተ ነው።»