ሁለት ሰዓት ይቀረናል

ከቦሌ ጅዳ በአውሮፕላን ሁለት ሰዓት ነው፤ ከአምቦ ቦሌ ሚኒባሱ ይብሳል። የአምቦው ጨርቅ ነጋዴ ሙስጠፋ ልጁን ሰልሳቢልን የሸኛት ሰኞ ነበር። ሐሙስ ደወለች።

«አባ፣ አሁንም ሰማይ ላይ ነን። ሁለት ሰዓት ይቀረናል ይሉናል።»

ጎረቤቱ ቀጀላ በሳቅ ፈረሰ። «ኦቦ ሙስጠፋ፣ ፓይለቱ ከአምቦ ማዶ በእጃጂ ዞሮ ይሆናላ!»

በወሩም ደወለች፤ ያው ድምፅ፣ ያው ሁለት ሰዓት። «አባ፣ ከጎኔ ያለው ወንበር ብቻ ነው ባዶ፤ አስራ ሰባት ሲ።»

ቀጀላም መሳቁን ተወ።

ሙስጠፋ ሱቁን ለቀጀላ አደራ ብሎ ሊፈልጋት ወደ ጅዳ ትኬት ቆረጠ። ቦሌ የሰጡት ወረቀት ላይ የወንበሩ ቁጥር አስራ ሰባት ሲ ይላል። ገብቶ ተቀመጠ። በመስኮቱ በኩል ያለችው ልጅ ዞረች፤ ሰልሳቢል ነች።

«አባዬ፣ በሩ ሳይዘጋ ቶሎ ውረድ!»

ሙስጠፋ በመስኮቷ አየ። ከታች ደመና ነበር።