አዴ ወርቅቱ በር ላይ የቆምንበት ማለዳ

ሐሳቡ የእኔ ነበር...

"ነጠላችንን እንደዘቀዘቅን ሄደን በራቸው ላይ እንቁም" ያልኩት እኔ ነኝ።

መርዶ በእኛ አገር በማለዳ ነው የሚነገረው። በሩን ከፍቶ የወጣ ሰው፣ ጎረቤት ነጠላ ዘቅዝቆ ደጁ ላይ ቆሞ ካየ... ማንም አፉን ሳይከፍት ያውቀዋል።

እኔም ይህን አውቅ ነበር።

አውቄ ነው ያደረግሁት።

ሰማንያ አንድ ዓ.ም.፣ አምቦ። ገና ልጅ እግር ተማሪ ነበርኩ።

አዴ ወርቅቱ፣ እትዬ ወርቅቱ እንደማለት ነው፣ ከአጥራችን ማዶ የሚኖሩ አስተማሪ ናቸው። ባል የላቸውም፤ ያላቸው አንድ ልጅ ነጋሳ ነው። እሱና ወንድሜ ዲንሳ በአንድ ቀን ለብሔራዊ ውትድርና ታፍሰው ወደ ሰሜን ተወሰዱ።

እናቴ ከዚያን ቀን ጀምሮ መሬት ላይ ተኛች። ፀጉሯን አልተሠራችም። እህል ስትቀምስ እንኳ እንደ ሌባ ተደብቃ ነበር።

አዴ ወርቅቱስ?

ጎህ ሲቀድ ሸራ ጫማቸውን አጥልቀው፣ ክንዳቸውን እያወዛወዙ የሰንቀሌን መንገድ ይያያዙታል!

ላብ በላብ ሆነው ሲመለሱ ፊታቸው ያበራል። "አካም ቡልተኒ!" ብለው እንዴት አደራችሁ ይሉናል... ያውም እየሳቁ።

ሲመሻሽ ደግሞ ሰፈሩ ተሰብስቦ የጦርነቱን ወሬ ሲያነሳ እሳቸው ብድግ ነው።

"እንቅልፌ እንዳያልፈኝ፣ ልተኛ።"

እንቅልፍ! ልጇ ጦር ሜዳ ያለ እናት!

ሰፈሩ አልማራቸውም።

"ወርቅቱ፣ ለኦሎምፒክ ነው?" ትላቸዋለች ጠላ ሻጯ አሰፋሽ፣ ከአጥሯ በላይ አንገቷን አስግጋ።

"ለነጋሳ ነው። ሲመጣ ደህና ሆኜ ልጠብቀው።"

"ልጅሽ ጥይት ይዘንብበታል፣ አንቺ እዚህ ሞራ ታቀልጫለሽ!"

"አንቺም ነይ እንጂ። ያንቺማ ሞራ ሁለት ቆርቆሮ ይሞላል።"

ሴቶቹ ይስቃሉ። ዞር ሲሉ ደግሞ "ጴንጤ ምን አንጀት አለው" ይሏቸዋል።

እኔ ግን አልስቅም ነበር። እጠላቸው ነበር። ደስታቸውን ከእናቴ ዓይን የሰረቁት ይመስለኝ ነበር።

ከዚያ... የዲንሳ መርዶ መጣ።

አዴ ወርቅቱ ቀኑን ሙሉ ከእናቴ ጎን ተቀምጠው አለቀሱ። በእጃቸው አጎረሷት። ሲመሻሽ ግን እንደ ልማዳቸው ተነስተው ሊተኙ ሄዱ።

"ነገም ስፖርታቸውን ይሠራሉ" አልኩ።

"ኧረ በስመ አብ! ሬሳው ባይኖርም ለቅሶ እኮ ነው። አታደርገውም!" አለች አሰፋሽ።

"እናያለና።"

ሲነጋጋ፣ ለቅሶ ቤት ያደሩትን ሴቶች አስከትዬ በራቸው ላይ ቆምኩ። ሴቶቹ የመጡት ሊያሳፍሯቸው ነው። እኔ የመጣሁት እንደ እናቴ ሲሆኑ ለማየት ነው።

በሩ ተከፈተ...

ወጡ። አዩን። ነጠላችንን አዩ።

"ነጋሳ?"

ዓይናቸው እኔ ላይ አረፈ።

"ነጋሳ ኮ? ነጋሳዬ?... እንቁ፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ... አንቺ ንገሪኝ!"

"አይደለም" ማለት ብቻ ይበቃ ነበር። አፌ ላይ መጥታ ነበር... ዋጥኳት።

አዴ ወርቅቱ ደጃፋቸው ላይ ወደቁ።

"ኧረ አለ! ነጋሳ ደህና ነው! ለቅሶ ሳይነሳ ምን ስፖርት ነው ልንልሽ ነው የመጣነው!" አሰፋሽ እየጮኸች ውሃ ረጨችባቸው።

ነቁ... ግን ያቺ ሳቂታ ሴት አብራቸው አልተነሳችም።

ከዚያ ወዲያ ጎህ ሲቀድ በር መክፈት ፈሩ። ውሻ በጮኸ ቁጥር መርዶ የመጣ እየመሰላቸው እንቅልፍ በዓይናቸው አልዞረም። መራመዱ ቀረ፣ ሳቁም ቀረ። ሰውነታቸው ከሳ። ዓይናቸው እየደከመ፣ እየደከመ ሄደ። "ለቅሶ ነው ያጠፋው" አልን።

ሰፈሩ ምን እንዳለ ታውቃላችሁ?

"አሁን ገና እናት መሰለች!"

በሰማንያ ሦስት ደርግ ወደቀ። የተበተነው ወታደር ባዶ እግሩን በአዲስ ዓለም በኩል ወደየቤቱ ጎረፈ። አንድ ቀን አጥንቱ የወጣ፣ ጢሙ ያደገ ሰው አዴ ወርቅቱ ፊት ቆመ። እኔ ውሃ ቀድቼላቸው እየገባሁ ነበር።

"ማነው?" አሉ፣ ከፊታቸው ያለውን ሰው።

"ሀርሜ... እናቴ! እኔ ነኝ እኮ!"

እጃቸው አየሩን ዳበሰ፣ ፊቱን አገኘ። ግንባሩን፣ አፍንጫውን፣ ጢሙን... እያለቀሱ በጣታቸው ፈለጉት።

ነጋሳ ግን ጮኸ።

"መራመዱን ተውሽው? ሐኪሙ ምን ብሎሽ ነበር? ተራመጂ፣ በደንብ ተኚ፣ አለዚያ ስኳሩ ዓይንሽን ይወስደዋል አላለሽም? ምለሽልኝ አልነበረም ወይ የሄድኩት?"

እንስራው ጀርባዬ ላይ ከበደኝ።

"አዴ ወርቅቱ... ለምን አልነገሩንም?"

ወደ ድምፄ ዞሩ።

"ስትሰድቡኝ ሰምቻለሁ፣ ልጄ። ስትጠይቁኝ ግን ሰምቼ አላውቅም።"

የልጃቸውን ፊት ሳያዩ ነው ያረፉት። ያን ማለዳ ሴቶቹን ማን እንዳመጣቸውም አልነገርኳቸውም። ልነግራቸው ጊዜ ነበረኝ... አፍ አልነበረኝም።

ዛሬ አርባዎቹ ውስጥ ሆኜ የገባኝ ይህ ነው፦ ያዘነ ሰው ሁሉ ከስቶ እንዲያሳየን መጠበቅ ጭካኔ ነው። ገላውን የሚጠብቅ፣ እንቅልፉን የሚያከብር፣ በሐዘን መሐል ለመሳቅ የሚታገል ሰው ልቡ ደረቅ አይደለም። ምናልባት ለሚወደው ሰው ሲል ነው በሕይወት ለመቆየት የሚለፋው።

እናንተስ... ደህና ሆናችሁ በመታየታችሁ የጠላችሁ ሰው አለ? ወይስ እንደ እኔ የሰው ደህና መሆን ያናደዳችሁ ጊዜ ነበር? ሳትደብቁ ኮሜንት ላይ ጻፉት።

እሳቸውን ይቅርታ ሳልጠይቅ ቀርቻለሁ።

እናንተ ይቅር በሉኝ።