የትናንቷ ኳስ

እዚህ ከተማ ከአውቶቡስ የወረድኩት ዛሬ ጠዋት ነው። ለማየት የገባሁበት ሱቅ ባለቤት፣ ብርጭቆ በትንፋሹ እየነፋ የሚሠራው ሽማግሌ ግን ከማቀዝቀዣው ምድጃ አፏ የተደፈነ የመስታወት ኳስ አውጥቶ ሰጠኝ።

«ያንተ ናት፤ ትናንት የነፋሃት። እንዳትሰነጠቅ ቀስ ብላ ስትበርድ አደረች።»

«አባባ፣ እኔ እኮ ትናንት እዚህ አልነበርኩም።»

«ሁሉም እንደዚያ ይላል።»

ይቺማ መሸጫ ዘዴ ናት አልኩ በሆዴ። ወደ መስኮቱ ወስጄ ሳያት ውስጧ ጭጋግ ይለብሳል፣ ይጠራል፣ ደግሞ ይለብሳል። የእጄ ሙቀት ይሆናል ብዬ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኳት። አሁንም ያው ነው። ትንፋሼን ሳወጣ ይለብሳል፣ ስስብ ይጠራል።

ትንፋሼን ያዝኩ። ጭጋጉም ባለበት ቆመ።

ሽማግሌው መንፊያ ቧንቧውን እየወለወለ፣ ቀና እንኳ ሳይል፣ «ትንፋሽህን ብዙ አትያዝ፣ ልጄ» አለኝ። «ውስጧ ያለውንም ታፍነዋለህ።»